አባቴ ሞቷል ያልኩበት ዓመት

ባለፈው ጥቅምት ለሥራ ነቀምቴ ሄጄ ነበር። ሥራዬ የድጋፍ ተጠቃሚዎችን የሚመርጡ የቀበሌ ኮሚቴዎችን ማሠልጠን ነው። ቡርቃ ጃቶ በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ አዳራሽ ተሰጥቶን ሦስት ቀን ተቀመጥን። በሁለተኛው ቀን ጠመኔ አለቀብኝና ጠባቂው ከኋላ ያለውን ዕቃ ቤት ከፈቱልኝ። በሩ ገና ገርበብ ሲል የሳሙና ሽታ ወጣ። ሮዝ ቀለም ያለው የገላ ሳሙና፣ በካርቶን በካርቶን ሆኖ እስከ ጣራው ተደርድሯል።

«ለልጆቹ የመጣ ነው» አሉኝ ጠባቂው።

ጠመኔውን ረስቼ እዚያው ቆምኩ። በሐሳቤ ወደ አራተኛ ክፍል ተመለስኩ። ሰው ስለ ልጅነቱ ሲያወራ ረሃቡን ወይም ጨዋታውን ያስቀድማል። እኔ የማስቀድመው ቅናቴን ነው። ያን ዓመት ጠዋት ከእኔ ጋር ተነስቶ፣ ከእኔ ጋር ትምህርት ቤት ሄዶ፣ ማታ ከእኔ ጋር የሚተኛው እሱ ነበር።

የምቀናው በሌሊሴ ነው። ሌሊሴ ጎረቤታችን ነበረች። በእነሱና በእኛ ግቢ መካከል ያለው የቅንጭብ አጥር አንድ ቦታ ላይ ተሸንቁሮ ነበር። ሽንቁሩን ያሰፋነው እኔና እሷ ስለሆንን ልኩ በእኛ ልክ ነው፤ ትልቅ ሰው አያሳልፍም። አባቷ ግንበኛ ነበሩ። ሦስተኛ ክፍል ጨርሰን አራተኛ ሳንገባ፣ ክረምቱ መሐል ላይ፣ ሆዳቸውን አሟቸው ሆስፒታል ገቡና አልተመለሱም። ከለቅሶው የማስታውሰው ንፍሮውን ብቻ ነው። በኪሳችን ሞልተን አጥሩ ሥር ተቀምጠን በላነው፤ ሌሊሴም በላች።

የእኔ አባት መምህር ኢተፋ ይባላል። ከነቀምቴ ወጣ ብላ ካለችው ከዲጋ ወደ ውስጥ በእግር በሚኬድበት የገጠር ትምህርት ቤት ያስተምር ስለነበር ሰኞ ጠዋት ሄዶ ዓርብ ነው የሚመጣው። እናቴ የጎጃም ነጋዴ ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ግን ነቀምቴ ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ግቢ ውስጥ ኦሮምኛ እንናገራለን፤ ከሌሊሴ ጋር ስንጣላ በሁለቱም።

መስከረም ላይ ከቤታችን ከፍ ብሎ ያለው ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ «ፕሮጀክት» የሚባል ነገር ሌሊሴን መዘገባት። ፕሮጀክት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የማውቀው ቅዳሜ ቅዳሜ የብረቱ በር ተከፍቶ እሷን እንደሚያስገባና በእኔ ላይ እንደሚዘጋ ነው። በሩ ታች ክፍተት ስላለው ተንበርክኬ በዚያ አያለሁ። እግር ብቻ ነው የሚታየው። እግሮቹ ይሰለፋሉ፣ እግሮቹ ይዘላሉ፣ ከዚያ የሩዝ ሽታ ይመጣል። እኛ ቤት ሩዝ የሚበላው ሰው ሲታመም ነበር።

ወር በገባ ቁጥር ሁለት ሳሙና ይሰጣቸዋል። ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሌሊሴ ከመግባቷ በፊት የሳሙናው ሽታ ይገባል። ከጎኗ ስለምቀመጥ ቀኑን ሙሉ እሱን ስስብ እውላለሁ። እኔ ደግሞ የምሸተው እናቴ ልብስ የምታጥብበትን ሳሙና ነው። በኋላ ሰማያዊ ሹራብ መጣ። በኋላ ደብተር መጣ፤ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ። በኋላ ደብዳቤ መጣ።

ደብዳቤውን የጻፉት ባሕር ማዶ ያሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ፎቶም ልከዋል፤ ከጥጃ የሚተልቅ ውሻ አጠገብ ቆመው ይስቃሉ። ሌሊሴ ፎቶውን በደብተሯ መሐል ይዛ ትዞራለች።

«ስሜን ያውቁታል» አለችኝ። «በየቀኑ ይጸልዩልኛል።»

እኔ ያንን ስሰማ የገባኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ አባት ሲሄድ ሌላ አባት ይመጣል፤ አዲሱ ደግሞ ውሻ አለው። የእኔ አባት ያለው ጆሮው የተበጠሰ ቦርሳ ነው።

የፕሮጀክቱን ልጆች የሚመርጡት አዴ ቀነኒ ነበሩ። አዴ እንደ እትዬ ማለት ነው። ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው፤ ሲራመዱ ፋይላቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ነው። ሰዎች «ሶሻል ወርከሯ» ይሏቸዋል። እኔ የምሰማው «ሶሻል ወርካ» ነበር። ቤተክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ትልቅ ወርካ አለ፤ ከሥሩ ተቀምጠው ሰው ስለሚያነጋግሩ ስማቸው ከዛፉ የመጣ መስሎኝ ስንት ጊዜ ኖርኩ። ዛሬ እኔም የምጠራው በዚያው የሥራ ስም ነው።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ አዲስ ልጆች ሊመዘገቡ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ሌሊሴ በሽንቁሩ ገብታ መጣችና መከረችኝ።

«ቤት ድረስ ይመጣሉ። ጣራውን ያያሉ፣ ወለሉን ያያሉ፣ ብርድ ልብስ ስንት ነው ይላሉ። ራዲዮ ካለ አለቀልሽ።»

«እኛ ራዲዮ አለን።»

«እንግዲያው ደብቂው።»

አዴ ቀነኒ ሰፈራችን የደረሱ ቀን እናቴ ገበያ ነበረች። ብርድ ልብሶቹን በሽንቁሩ ወደ እነሌሊሴ ግቢ አሳለፍኩ። ብርጭቆዎቹን አልጋ ሥር ከተትኩ። ራዲዮኑን በቆሎ ጆንያ ውስጥ ቀበርኩት። የባትሪ ድንጋዩ ስለደከመ አንዳንዴ ይናገራል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ ዝም ብሎ ስለነበር የጠፋ መስሎኝ አልነካሁትም። ከዚያ ለጨርቅ የተጣለ አሮጌ ቀሚሴን ለብሼ፣ ፊቴን አመድ ነካ አድርጌ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ።

አዴ ቀነኒ ገብተው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ዙሪያውን አዩ። እኔንም አዩኝ። «እናትሽስ?» ከማለታቸው እናቴ ዘንቢሏን ይዛ ደረሰች። ባዶውን አልጋ አየች፣ ባዶውን መደርደሪያ አየች፣ እኔን አየች።

«ሌባ ገባ እንዴ?» አለች።

ይኼኔ ከጆንያው ውስጥ የኦሮምኛ ዜና ተጀመረ።

እናቴ ሄዳ ራዲዮኑን ከበቆሎው አወጣች። ዘጋችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በዝግታ፣ «አንቺ ልጅ፣ የማንን ችግር ነው የለበስሽው?» አለችኝ።

አዴ ቀነኒ አልሳቁም። እናቴ አፍራ እንደ ድንች የሚቀቀለውን አንጮቴ ከነአይቡ አቀረበችላቸው፤ ቀስ ብለው በሉ። «ልጆች ናቸው፣ አትቆጪያት» አሉ። «አባቷ አሉ አይደል?»

«አሉ እንጂ! መምህር ናቸው። እኛ የሰው እጅ የምናይ ሰዎች አይደለንም።»

«አውቃለሁ። መስፈርቱም አይፈቅድም። ቦታው ጥቂት ስለሆነ አባት ያላት ልጅ አንመዘግብም።»

ያች ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። መስፈርት የሚባለው ነገር ጣራውም፣ ወለሉም፣ ራዲዮኑም አይደለም። በእኔና በብረቱ በር መካከል የቆመው አባቴ ነው።

ለገና ፕሮጀክቱ ጫማ ሰጠ፤ ጥቁር፣ በጎን የሚቆለፍ፣ ፊት የሚያሳይ። ሌሊሴ እሱን አድርጋ በሽንቁሩ ማለፍ ስለፈራች ለመጀመሪያ ጊዜ በዋናው በር መጣች። አጠገቤ ተቀምጣ አንዱን ፈታችና ወደ እኔ ገፋችው።

«አንዱን አንቺ አድርጊው፣ አንዱን እኔ። እንዲያ ሆነን እስከ መንገዱ እንሂድ።»

በጣም እፈልግ ነበር። እግሬ ራሱ ወደ ጫማው ሲሄድ ተሰማኝ። ግን የተናገርኩት ሌላ ነው።

«የድሃ ጫማ አላደርግም» አልኳት።

ሌሊሴ ጫማውን ወደ ራሷ ሳበችው። ጫማዋን መልሳ አድርጋ፣ ቁልፉ እስኪገባ ድረስ አጎንብሳ ቆይታ ሄደች።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ የብረቱ በር ክፍት ነበር። አዴ ቀነኒ ወርካው ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው ይጽፋሉ። አስቤበት ሄድኩ ማለት አልችልም፤ አላሰብኩበትም ማለትም አልችልም። ፊታቸው ቆምኩ።

«አባቴ ሞተ» አልኩ።

እስክሪብቷቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ምን አልሽ?»

«አባቴ ሞተ። ቅዳሜ።»

«ወይ ልጄ! ወይ ዋቃ፣ አምላኬ! እናትሽስ?»

«አልቅሳ አልቅሳ ተኝታለች።»

ሳቡኝና ደረታቸው ላይ አጣበቁኝ። አለቀሱ። የዚያ ሳሙና ሽታ እሳቸውም ላይ ነበረ። ከዚያ ዕንባቸውን ጠርገው ስሜን፣ ክፍሌን፣ የሰፈራችንን ስም ጻፉ፤ ወደ ቢሮው ገብተውም አንድ ሳሙናና አንድ ዳቦ ሰጡኝ። በቀጥታው መንገድ አልሄድኩም፤ በገበያው ዞሬ፣ ዳቦውን በጥቂት በጥቂቱ እየቆረስኩ፣ ሳሙናውን አፍንጫዬ ላይ ይዤ ነው ቤት የደረስኩት።

እናቴ ጤፍ ታበጥር ነበር። «የት ቆየሽ?» ብላ ሳትጨርስ ከመንገዱ የለቅሶ ድምፅ መጣ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እያለቀሱ ወደ እኛ በር ይመጣሉ። ፊት ፊት አዴ ቀነኒ አሉ። ደግ ሴት ናቸው፤ ሐዘንተኛ ብቻዋን እንዳትሆን የቤተክርስቲያናቸውን ሴቶች ሁሉ ሰብስበው መምጣታቸው ነው።

እናቴ ሰፌዱን አስቀመጠች። ጎረቤት የሞተ መስሏት ነጠላዋን አንስታ አብራ ልታለቅስ ወጣች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ሁሉም እሷን እንደሚያዩ አየች።

«ማነው?» አለች። «ማን ሞቶ ነው?»

አንዷ፣ «ወይ ኢተፋ!» ብላ ጮኸች።

እናቴ ወደ መሬት አልወደቀችም፤ ቁጭ አለች። ሰው ሲደክመው እንደሚቀመጠው። ከዚያ ነው ድምፁ የመጣው። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አልሰማሁም።

አዴ ቀነኒ ደነገጡ። እናቴ ያልሰማችውን መርዶ በዚያ ሁኔታ ማርዳታቸው ገብቷቸው አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ግን ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይጠይቃል? ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ሞላ። «ከወዴት ተሰማ?» ይላል አንዱ፤ «ከዲጋ ነው አሉ» ይላል ሌላው። አንዷ መኪና ተገልብጦ ነው አለች። ሌላዋ ወንዝ ሲሻገር ነው አለች። ሁለት የእድር ሰዎች ሬሳውን ሊያመጡ በጭነት መኪና ተሳፍረው ወደ ዲጋ ሄዱ። ድንኳን መጣ።

እኔ ግድግዳው ሥር ተጣብቄያለሁ፤ ሳሙናው በብብቴ ውስጥ ነው። ውሸት እንደተናገርኩ አውቃለሁ። ነገር ግን ያን ሁሉ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ሳይ፣ ስለ መኪናውና ስለ ወንዙ ስሰማ፣ መጠራጠር ጀመርኩ። ምናልባት እኔ ሞተ ስላልኩ በዚያው ሰዓት ሞቶ ይሆናል አልኩ። ምናልባት ቃሌ ቀድሞኝ ዲጋ ደርሶ ይሆናል።

ሌሊሴ በሽንቁሩ መጣች። ከገና ወዲህ አናግራኝ አታውቅም። አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ስሚ፤ የአባትሽን ሸሚዝ አሁኑኑ ደብቂ» አለችኝ። «ያልታጠበውን። የኔን አባት ልብስ አጎቶቼ በሦስተኛው ቀን ወሰዱት። እናቴ የቀረውን አጠበችው። እኔ ምንም የሚሸት ነገር አልቀረልኝም። ቶሎ በይ፣ እኔ በሩን እጠብቅልሻለሁ።»

ጓደኛዬ ከአባቷ ሞት የተማረችውን ነበር የምትሰጠኝ። የነበራት ሁሉ እሱ ነው።

«አልሞተም» አልኳት። «እኔ ነኝ ያልኩት። መመዝገብ ፈልጌ ነው።»

እጄን ለቀቀች። ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አልመታችኝም። ክንዴን ይዛ እየጎተተች በሴቶቹ መሐል አሳልፋ እናቴ ፊት አቆመችኝ።

«ተናገሪ!» አለችኝ።

«እማዬ፣ አባዬ አልሞተም» አልኩ።

ሴቶቹ ጭራሽ ባሰባቸው። «ወይኔ ልጄን፣ ልቧ አልቀበል ብሏት ነው!» አሉና ጎትተው አቀፉኝ። «አልሞተም! ዋሽቼ ነው!» እያልኩ ስጮህ፣ «ተናወጠች፣ ውኃ ስጧት» ይላሉ። እውነቱን ስናገር የሚያምነኝ አንድ ሰው ጠፋ። አዴ ቀነኒ ብቻ ከመሐል ወጥተው ፊቴ ተንበረከኩ።

«አባትሽ ዛሬ ጠዋት ነው ከቤት የወጣው ይላሉ፤ ማነው ቅዳሜ ሞተ ብሎ የነገረሽ?»

«ማንም።»

ሳሙናውን ከብብቴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ሄደው ለሽማግሌዎቹ ነገሩ። ሽማግሌዎቹም፣ «የልጅ ነገር ነው፤ የሄዱት ይመለሱ፣ ያኔ ይለያል» አሉ። እናቴ ማመንም አለማመንም አቃታት። ሌሊቱን ዓይኗ እንደተከፈተ በሩን ስታይ አደረች።

አባቴ በማግስቱ ከረፋዱ ላይ በእግሩ ገባ። ሁለቱ የእድር ሰዎች ከጎኑ ናቸው፤ አንዱ ሳቁን መያዝ አቅቶታል። እጅጌው ላይ ጠመኔ ነበረ። ከክፍል ውስጥ ነው ያገኙት፤ ማካፈል ሲያስተምር። ሴቶቹ ጮኹ። እናቴ ተነስታ ሄደችና ፊቱን በሁለት እጇ ዳሰሰችው፤ ግንባሩን፣ ጆሮውን፣ አገጩን። ከዚያ በቡጢ ደረቱን መታችው፣ መታችው። እሱም ዝም ብሎ ተመታ።

እኔን አልመታችኝም። ይልቅ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። የጠራችኝ ሲበቃት ነው።

አባቴ ወደ ትምህርት ቤቱ ከመመለሱ በፊት እጄን ይዞ ወርካው ሥር ወሰደኝ።

«የሞትኩት ሰው እኔ ነኝ» አላቸው አዴ ቀነኒን። «ከመዝገቡ ላሰርዝ መጣሁ።»

አዴ ቀነኒ ፈገግ ለማለት ሞክረው አልሆነላቸውም። መዝገቡን ገልጠው ስሜን በእስክሪብቶ ሰረዙት። እኔ አጎንብሼ ዕንባዬ እየወረደ ነበር፤ ይቅርታ እንድጠይቅ ነው የመጣሁት፣ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ለምን አባቱ ለሞተበት ብቻ ትሰጣላችሁ?» አልኩ።

አባቴ ሊገስጸኝ ሲል እሳቸው በእጃቸው አስቆሙት። ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«እኔ እናትና አባት የሞቱብኝ አንቺን ሳክል ነው» አሉኝ። «ያኔ ፕሮጀክት የለም፣ ፎርም የለም። አኖ የሚባል ቦታ የሚኖሩ አንድ ገበሬ በጉዲፈቻ ወሰዱኝ። ወተት ለልጆቻቸው ሲቀዳ ለእኔም ከዚያው ይቀዳል፤ ዱላም ሲመጣ ከዚያው ነው። ማን ማንን እንደወለደ ሰው አይለይም፤ ስለዚህ የሚቀናብኝ አልነበረም። አሁን ግን ልጁ ብዙ፣ ሰው ደግሞ አቅም አጣ፤ መምረጥ መጣ። እኔ አንዷን ስመዘግብ ከአጥሩ ወዲያ ያለችውን አላያትም ነበር። ያንን አንቺ አሳየሽኝ። ያደረግሽው ግን ክፉ ነው፤ እሱንም እወቂ።»

ዛሬ ኮሚቴ ሳሠለጥን ይህን እነግራቸዋለሁ፤ የማን ታሪክ እንደሆነ ግን አልነግራቸውም።

ሌሊሴ እስከ መጋቢት ድረስ አላናገረችኝም። ክፍል ውስጥ ወንበር ቀየረች። የአጥሩን ሽንቁር በእሾህ ዘጋችው። እስከሰማሁት ድረስ ግን ለማንም አላወራችብኝም፤ ትምህርት ቤት «አባቷን የገደለች» ሲሉኝ እንኳ እሷ አፏን አልከፈተችም።

በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የዲጋ መኪና የሚቆምበት አስፋልት ዳር አባቴን ልጠብቅ ወጣሁ። ከዚያ ነገር ወዲህ አንድም ዓርብ አልቀረሁም። ትንሽ ቆይቶ ሌሊሴ መጣችና ከእኔ ራቅ ብላ ቆመች። ወዴት እንደምትሄድ አልጠየቅኳት።

መኪናው ቆመ። አባቴ ወረደ። እኔ ሮጬ ሳልደርስ እሷን አያት።

«ሌሊሴ፣ አከም ጅርታ፣ እንተላ ኮ?» አላት። ደህና ነሽ ወይ፣ ልጄ።

እጁን ራሷ ላይ አደረገ፤ ቦርሳውንም እጇ ላይ አስቀመጠላት። ሌሊሴ ቦርሳውን በሁለት እጇ ታቅፋ፣ ፊት ፊታችን ሆና፣ እየተጠነቀቀች ወደ ሰፈራችን መውጣት ጀመረች። ትከሻዋ ቀጥ ብሏል። አንዴም ዞር ብላ አላየችኝም።

ሁልጊዜ ቦርሳውን የምይዘው እኔ ነኝ። ያው ያረጀው ቅናቴ ተነሳ። እስከ ቤታችን ደጃፍ ድረስ እየነደደኝ ሄድኩ፤ ስጪኝ ግን አላልኳትም።